ግድግዳችንን በእጃችን እንየው
(ስለ አዳራሹ እድሳት በተደረገው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዳራሹ በሲሚንቶ ይለሰን ወይስ በጭቃ ተብሎ ክርክር ስለ ተነሣ፣ የሥዕል አስተማሪ ነህና ስለ ገጽ ተናገር ተብያለሁ። ገጽ ስል የአንድን ነገር ሸካራነትና ልስላሴ ማለቴ ነው። በሥዕል ትምህርት ይህ ከመስመርና ከቀለም እኩል ይቈጠራል። ዓይነቱም ሁለት ነው፤ ሠዓሊው ለስላሳ ሸራ ላይ የበግ ጠጕር አስመስሎ ዓይንን የሚያታልልበት አለ፤ በእጅ ሲዳስሱት የሚታወቅም አለ።

የእኛ ግድግዳ የኋለኛው ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንዳይሰነጣጠቅ የሚይዘው አብሮት ተረግጦ ለቀናት የቦካው የጤፍ ጭድ ነው። ምርጊቱ ደርቆ በእበት ሲለሰን ደግሞ የእናቶቻችን መዳፍ የሄደበት ቅስት ቅስት ሆኖ ይቀራል። እስቲ ነገ ጧት ፀሐይ በጎን ስትገባ እዩት፤ እያንዳንዱ የጣት መንገድ ጥላ ያወጣል። ብርሃን ፊት ለፊት ከመጣ ግን ሸካራው ሁሉ ይጠፋል።

ባለፈው ስብሰባ «ጭቃ የድኻ ነው» የሚል ቃል ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ግድግዳው ይኸው የምናውቀው ጭቃና ጭድ ሲሆን፣ ኤልያስ እንደ ሸራ ቈጥሮ ቅርጽ አውጥቶበታል። ዘሪሁን የትምጌታም በቀርከሃ ስንጥር ላይ ሥሏል። ቀርከሃ እኮ እኛ አጥር የምናጥርበት ነው!

ደግሞስ ሲሚንቶ በጭቃ ላይ መች ይይዛል? ጭቃው እርጥበት በሳበና በደረቀ ቍጥር እየተላቀቀ ይወድቃል። ያላመነ የእኔን ጓዳ መጥቶ ይይ፤ ገንዘቤን ከስክሼ ያስለሰንሁት ሁለት ክረምት አልቈየም። በውጭ በኩል እስከ ጉልበት ያለው ዝናብ ስለሚመታው ድንጋይ ይሁን፣ በዚህ አልከራከርም።

በሠፈራችን ልስን አሳምረው የሚያውቁ እናቶች ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ ወጣቶቹም ከጎናቸው ቆመው አልተማሩም። ስለዚህ የምሥራቁ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ለእነርሱ ይሰጥ፣ ወጣቶችም ጭቃ እየረገጡ፣ እያቀበሉ ይማሩ ብዬ አሳስባለሁ። የጤፍ ውቂያ እንዳለቀ መጀመር ይቻላል። ጭዱን እኔ አመጣለሁ።