አራቱ የቤዝመንት ሶኬቶች

(በማኅበራችን መደበኛ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የማኅበሩን ሒሳብ ሳቀርብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ኤሌክትሪክ ሶኬት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። የምነግራችሁ በቤቴ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ባለሙያ ጠይቄ የተማርኩትን ብቻ ነው።

እኔና ባለቤቴ እዚህ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት አልቻለችም። ቤዝመንታችን በጓሮ በኩል በር ስላለው እዚያ አልጋ ዘረጋንላት። ችግሩ በሙሉ ቤዝመንቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሶኬቶች ብቻ መሆናቸው ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ዕቃ ማስቀመጫ አድርገውት ስለነበር ከዚያ በላይ አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ሂተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና የእማዬን የቡና ምድጃ በኤክስቴንሽን አያያዝነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብሬከሩ ይወርድ ነበር።

ከዚያ አንድ የምናውቀው ሰው ጠራን። ያገር ልጅ ነው፣ ሥራም ይችላል አሉን። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አዳዲስ ሶኬቶች ገጠመልን። ብሬከሩም ከዚያ በኋላ መውረዱን ተወ። ፐርሚት አልጠየቅንም፤ እሱም አላነሳውም። ደረሰኝም አልሰጠንም። የማኅበሩን ደረሰኝ አንድ በአንድ የምቆጥር ሴት ለራሴ ቤት ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

በጥር ወር አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ወደ እማዬ ስወርድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ሶኬት ፊቱ ቡናማ ሆኗል። እጄን ባስጠጋ ግድግዳው ይሞቃል። «እማዬ፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት፣ «እሱማ ሰነበተ፤ ለብርዱ ያደረጋችሁልኝ መስሎኝ ጋቢዬን እዚያ ነው የማሞቀው» አለችኝ። ሽታውንም ካወቀችው ቀናት አልፈዋል። ዝም ያለችው «ልጄን ሌላ ወጪ ላስወጣት?» ብላ ነው።

ያን ሌሊት እማዬን ሳሎን አስተኛናት። ብሬከሩን አጥፍቼ በማግሥቱ ፈቃድ ያለው ማስተር ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ግድግዳውን ሲከፍት ያሳየኝ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ሽቦዎቹ የተያያዙት በቴፕ ተጠቅልለው ያለ ሳጥን ግድግዳው ውስጥ ነበር። ሕጉ ማንኛውም የሽቦ መጋጠሚያ ሳጥን ውስጥ እንዲሆን፣ ሳጥኑም ግድግዳ ሳይፈርስ ሊከፈት የሚችል እንዲሆን ያዛል። ከላላ መጋጠሚያ ሙቀት ይነሳልና።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ሰውዬው የ15 አምፒሩን ብሬከር አውጥቶ በ20 ተክቶታል፤ ሽቦው ግን የድሮው 14 ቁጥር ነው። 14 ቁጥር ለ15 አምፒር ነው የሚፈቀደው። ለ20 አምፒር 12 ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ብሬከሩ የሚወርደው እኛን ለማስቸገር ሳይሆን ሽቦው ከሚችለው በላይ እንዳይጫንበት ነው። እኛ መውረዱን ሲተው «ተስተካከለ» ብለን ደስ አለን። ለካስ ጠባቂውን ነው ያሰናበትነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ይኼኛውን እንኳ እችለዋለሁ። የአሜሪካ የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው። ቮልቱን በአምፒር ስናባዛ ዋት ይወጣል። የ15 አምፒር መስመር 1,800 ዋት፣ የ20 አምፒር ደግሞ 2,400 ዋት ይሆናል። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይጠፋ ለሚሠራ ነገር መስመሩ የሚታቀደው በ80 ከመቶው ነው፤ ይኸውም 1,440 እና 1,920 ዋት መሆኑ ነው። አሁን የእማዬን ክፍል እንደምር። ሂተሩ 1,500፣ የቡና ምድጃው 750፣ ቴሌቪዥኑ 100። ድምሩ 2,350 ዋት፣ ማለትም 19 ተኩል አምፒር ግድም ነው። የ20 አምፒር ብሬከር ይኼን ችሎ ዝም ይላል፤ ለ15 የተፈቀደው ሽቦ ግን ይሞቃል። እናቴ ጋቢዋን ታሞቅ የነበረው በዚህ ነው።

ልብ በሉ፤ አራት ሶኬት ስለተጨመረ አራት እጥፍ ኃይል አልተጨመረም። በአንድ የባንክ ሒሳብ ላይ አራት የቼክ ደብተር እንደማውጣት ነው፤ ገንዘቡ ያው ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ስትጠሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ሶኬት ትጨምርልኛለህ?» ሳይሆን «ስንት አዲስ መስመር ያስፈልገኛል?» የሚለውን ነው።

የኋላ ኋላ የሠራነው እንዲህ ነው። ለሂተሩ ብቻውን የ20 አምፒር መስመር ተዘረጋ። እንጀራ የምጋግረው ቤዝመንት ስለሆነ፣ ምጣዴም 1,500 ዋት ስለሚወስድ፣ ለእሱም የራሱ መስመር ተሰጠው። ቀሪዎቹ ሶኬቶች በሌላ መስመር ሆኑ። ርቀቱን በተመለከተ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኮድ ለመኖሪያ ክፍል የሚለው፣ በግድግዳው ርዝመት ላይ የትኛውም ቦታ ከሶኬት ከ6 ጫማ በላይ መራቅ የለበትም ነው። በሶኬትና በሶኬት መካከል ቢበዛ 12 ጫማ ይሆናል ማለት ነው። ይኼ ደንብ የወጣው ሰው ኤክስቴንሽን ምንጣፍ ሥር እንዳይዘረጋ ነው።

ሌላው ጂኤፍሲአይ የሚባለው ነው፤ ያ መታጠቢያ ቤት የምታዩት ቁልፍ ያለው ሶኬት። ቤዝመንት እርጥበት አለው፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ኤሌክትሪክ በሰው አካል አልፎ ወደ መሬት መሄድ ከጀመረ ይኼ መሣሪያ 5 ሚሊአምፒር ያህል ሲደርስ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል። የ2020 የኮዱ ዕትም ያለቀለትም ሆነ ያላለቀለት ቤዝመንት ሶኬት ሁሉ በዚህ እንዲጠበቅ ያዛል። የትኛው ዕትም እንደሚሠራ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የካውንቲያችሁን የፐርሚት ቢሮ ጠይቁ። ቤታችሁ ያለውን በወር አንድ ጊዜ «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሞክሩት።

ፐርሚት ሲባል ብዙዎቻችን እንፈራለን፤ ተቆጣጣሪ ቤታችን ገብቶ ሌላ ጉድ እንዳያገኝብን። እኔም ፈርቼ ነበር። የመጣው ሰው ግድግዳው ሳይዘጋ ሽቦውን አየ፤ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ሶኬቶቹን ሞከረና ፈርሞ ሄደ። ለክፍያው ያወጣሁት ገንዘብ በሕይወቴ ከገዛኋቸው ነገሮች ሁሉ ይረክስብኛል፤ ምክንያቱም ከሠራተኛው ሌላ አንድ ሰው ከመዘጋቱ በፊት አይቶታል። ያለ ፐርሚት የተሠራ ሥራ ቤት ሲሸጥም ሆነ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ልጨምር፤ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር የቤት ማሻሻያ ስለሆነ ወጪው በቤቱ የግዢ ዋጋ ላይ ይደመራል። ቤቱን ስትሸጡ ለታክስ ሊጠቅማችሁ ይችላልና ደረሰኙን አትጣሉ።

ያንን የመጀመሪያውን ሰው ልወቅስ አልመጣሁም። ርካሽና ፈጣን ፈለግን፣ የፈለግነውን አገኘን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ባለሙያውን ፈቃድህን አሳየኝ ማለት ነውር መስሎን ነበር። ነውር አይደለም። ሐኪም ቤት ስንሄድ የምንተኛው ፈቃድ ባለው ሰው እጅ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በመካከላችን ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ ጋግረው ልጆች የሚያሳድጉ እህቶች አሉ። ቤዝመንት አከራይተው የቤት ዕዳ የሚከፍሉ አሉ። እናታቸውን እንደ እኔ እታች ያስተኙ አሉ። አብዛኞቹ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚከፈለውን በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችሉም፤ ወደ ርካሹ የሚሄዱት በዚህ ነው። ስለዚህ ከብድር ሣጥናችን ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሆን አነስተኛ ብድር እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ገንዘቡ የሚለቀቀውም ፐርሚት ሲቀርብ ይሁን። ደጋፊዎቻችን የፐርሚቱን ክፍያ ብትሸፍኑልን ለብዙ ቤት ይደርሳል። ሒሳቡን እኔ እይዘዋለሁ።

እስከዚያው ዛሬ ቤት ስትገቡ ወደ ቤዝመንት ውረዱና እጃችሁን በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ አሳርፉ። የሚሞቅ ካገኛችሁ መስመሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። እታች የምትኖር እናት ካለችም ጠይቋት። ካልተጠየቀች አትናገርም።