የቫርዶ ከተማና የዓሣዋ ባለመብት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት አርእስት ከአገራችን እጅግ የራቀች ከተማን የሚመለከት ቢሆንም፣ መንገድና ወደብ የሚያቅድ ባለሙያን ሁሉ የሚነካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቫርዶ በኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በባረንትስ ባሕር ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የተቆረቆረች ናት። ዛፍ እምብዛም የማያድግባት፣ በዓመት ሁለት ወር ያህል ፀሐይ የማትወጣባት ስፍራ ናት። ታዲያ ሰው ስለ ምን ሰፈረባት? መልሱ ዓሣ ነው። ከአትላንቲክ የሚዘልቀው ሞቃት የባሕር ጅረት ወደቧ በበረዶ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ኮድ የተባለውም ዓሣ በጸደይ ትንንሽ ዓሦችን እየተከተለ ወደ ጠረፉ ይቀርባል። እኛ ሥጋን ቋንጣ እንደምናደርግ ሁሉ፣ የዚያ አገር ሰዎችም ዓሣውን ያለ ጨው በእንጨት ላይ ሰቅለው በነፋስ ያደርቁታል።

ቤተ ክርስቲያኗ በ1307 ተባርኮ ነበር፤ የከተማነትን መብት ያገኘችው ግን በ1789 ነው። ከነጭ ባሕር የሚመጡ የሩስያ ነጋዴዎች ዱቄትና እንጨት አምጥተው በዓሣ ይለውጡ ስለ ነበር፣ በዚያ ጠረፍ ከሁለቱ ቋንቋዎች የተቀየጠ የገበያ ቋንቋ እስከ መፈጠር ደረሰ። ይህን ንግድ የ1917 አብዮት አቋረጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የከተማይቱ ብዙው ክፍል በቦምብና በእሳት ወደመ። ሕዝቧ ግን ተመልሶ ሠራት፤ ዓሣው በአጠገቡ ነበርና።

በ1982 ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኝ ዋሻ ተከፈተ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዝቅተኛው ነጥብ ከባሕር ጠለል በታች 88 ሜትር ሲሆን፣ በኖርዌይ ከባሕር ሥር የተሠራ የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ነው። ከእንግዲህ ቫርዶ ታድጋለች ተብሎ ቢታሰብ አያስደንቅም። የሆነው ግን ሌላ ነው።

የኮድ ዓሣ በመመናመኑ መንግሥት በሚያዝያ 1989 የጠረፉን አጥማጆች ሥራ አስቆመ፤ ከ1990 ጀምሮም ለየጀልባው የተወሰነ ድርሻ መደበ። እርምጃው ዓሣውን ጠቅሞታል፤ ሀብቱም በኋላ አገግሟል። ነገር ግን ድርሻው የጀልባው ሆነ እንጂ የከተማይቱ አልሆነም። ጀልባው ለሌላ አካባቢ ሰው ሲሸጥ የማጥመድ መብቱም አብሮ ሄደ። የዓሣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ወጣቶች ተሰደዱ፤ የሕዝቡም ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ ዛሬ 2,000 ገደማ ነው። በ2020 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት የዚህ ሥርዐት ለውጦች የጠረፉን መንደሮች እንደ ጎዱ በይፋ ገልጿል።

ተቃራኒ ምሳሌም እዚያው አለ። የሶቪየት ሊቃውንት በ1960ዎቹ ከፓሲፊክ አምጥተው በአቅራቢያው ባሕር የለቀቁት ትልቅ ቀይ ሸርጣን ዛሬ ውድ ሸቀጥ ሆኗል። እርሱን የማጥመድ መብት በዋናነት የተሰጠው ለአካባቢው ጀልባዎች ስለሆነ፣ ገቢው ከሞላ ጎደል በዚያው ይቀራል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ መንገድ ሰውን ያስገባል፤ ያስወጣልም። ሕዝቡ ከጦርነት ፍርስራሽ ላይ ሲመለስ ዋሻ አልነበረውም፤ ዓሣው ግን የእርሱ ነበር። ኋላም ዋሻው ተሠራለት፤ ዓሣው ከወደቡ ፊት ለፊት እየዋኘ የሌላ ሰው ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ሐይቅ ዳር መንደር ወይም ለአንድ ገጠር ከተማ ዕቅድ ስንነድፍ፣ ስለ ርዝመትና ስለ ወጪ ከመጠየቃችን በፊት፣ የስፍራው ሀብት በማን ስም እንደ ተመዘገበ እንጠይቅ።