መለኪያው ምን ይለካል? ከጋሸና አረቄ እስከ ሰማያዊው ዊስኪ



አዘጋጆቹ «ስለ ዊስኪ ቅምሻ ትንሽ አጫውተን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ግን ምን ላድርግ፣ የጋሸና ልጅ ነኝ፤ ስለ ዊስኪ ብቻ አውርቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የላሊበላው መንገድ የሚገነጠልባት የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከገበያ የሚመለስ ሰው አንድ መለኪያ አረቄ ብሎ ነው ዳገቱን የሚያያዘው። በሃይማኖትም ሆነ በጤና ምክንያት የማትጠጡ ወገኖቼ አትቀየሙኝ፤ የዛሬው ወሬዬ ከመጠጣቱ ይልቅ ማወቁ ላይ ነው።

በቅርቡ አምስት የባች ጓደኛሞች አምስት ጠርሙስ አሰለፍን። ተራ የገብስ አረቄና ዳግም አረቄ ከጋሸና፤ ጆኒ ዎከር ቀዩና ጥቁሩ ከዚሁ ከገበያ፤ ሰማያዊውን ደግሞ ከውጭ የመጣ ጓደኛችን ይዞት መጣ። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለን ቁጥር ሰጠናቸው። ቀለሙ እንዳያሳብቅ በጥቁር የሸክላ ዋንጫ ቀዳን። በረዶ አልገባም፤ ቅዝቃዜ ጠረኑን ይይዘዋል። መጀመሪያ አፍን ትንሽ ከፍቶ ማሽተት፣ ከዚያ ምላስን የሚያርስ ያህል መቅመስ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሮ እንደገና ማሽተት። በየመሃሉ ቆሎና ውሃ። እያንዳንዱ ሰው የተሰማውን ሳያወራ ይጽፋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተራውን አረቄ ሁላችንም በጌሾው ጠረን ወዲያው አወቅነው። ቀዩንና ጥቁሩን ሦስታችን አቀያየርናቸው። ሰማያዊውን አብዛኞቻችን ወደድነው፤ ለስላሳነቱ አይካድም። ዳግሙን ግን ዘወትር ዊስኪ የሚጠጣው ጓደኛችን «ገና ያልበሰለ የስኮትላንድ ዊስኪ» ብሎ ጻፈው። ጋዜጣው ሲገለጥ ሳቅ በሳቅ ሆንን። አምስት ሰው የቀመሰው ጥናት አይባልም፤ የልጁ መልስ ግን ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ይኸውላችሁ ነገሩ። የስኮትላንዱ ማልት ዊስኪ ከበቀለ ገብስ ይሠራል፤ ብቅል ማለት ነው። ብቅሉ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይታሻል፣ በእርሾ ይብላላል፣ ከዚያ በመዳብ ማውጫ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሲጀመር ከ20 በመቶ ጥቂት የሚበልጠው አልኮል በሁለተኛው ዙር 70 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ያን ጊዜ እንደ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ቀለም የለውም። በጋሸናም ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉና ቂጣው ተጨምሮ ይደፈደፋል፣ ድፍድፉ ማሰሮ ገብቶ እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። የወጣው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል። ጌሾው የእኛ ብቻ ነው፤ ጥበቡ ግን የአንድ ቤተሰብ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው በርሜሉ ነው። በሕጋቸው ስኮች ለመባል በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት፤ ሲታሸግም ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። ቀለሙ፣ የቫኒላው ጠረን፣ ልስላሴው በአብዛኛው ከእንጨቱ የመጣ ነው። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ከበርሜሉ ተንኖ ይጠፋል፤ ያረጀ ዊስኪ ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጥቁሩ ላይ የተጻፈው 12 ዓመት በውስጡ ካሉት ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ይናገራል። ሰማያዊው ላይ ግን ዕድሜ አልተጻፈም! ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ዊስኪ ጠርሙስ ከገባ በኋላ አያረጅም። ሃያ ዓመት ቡፌ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ያው የገዛችሁት ነው። የቆየው ቡፌው ነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አረቄ የምንጠጣባትን ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ እንላታለን። ምን ትለካለች? መጠኑን ብቻ። በውስጧ ያለው 30 ይሁን 45 በመቶ ማንም አያውቅም። እናቴ በምላሷና በአረፋው ታውቀዋለች፤ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋ አረፋው ስንት እንደሚቆይ ታያለች። መጀመሪያ የሚወርደውን ለሰው አትሰጥም፤ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥሉ ተናኞች ይበዙበታል። መጨረሻ ላይ የሚወርደውንም ትለየዋለች። እሳቱን ረጋ አድርጋ ትይዛለች፤ ድፍድፉ ካረረ አረቄው ይሸታል። በስኮትላንድ ባለሙያ በደመወዝ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ደብተሩና ጫማው በአረቄ ገንዘብ የተገዛለት እኔ ብቻ አይደለሁም። ምርቃታችን ላይ ግን ዊስኪው ፊት ለፊት ተደረደረ፤ የእናቶቻችን አረቄ ጓዳ ቀረ። ጦርነቱ ጋሸና ሲደርስ የእናቴ ጋንና ማሰሮ ተሰባብሮ ነበር። ከስደት ስትመለስ ከአልጋ በፊት የገዛችው ማሰሮ ነው።

አረቄ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ቤት ያፈርሳል፣ ጤና ይነሳል። ከእህል በደንብ የተሠራ አረቄ ላይ ሌላ ሰው የፋብሪካ አልኮል ከቀላቀለበት ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሳይለካ የሚሸጥ ነገር ሐቀኛዋን ከአጭበርባሪው መለየት አይቻልም። በዚህ የምትጎዳው ሐቀኛዋ ናት።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ማሳታካ ታኬትሱሩ የሚባል ጃፓናዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ ስኮትላንድ ሄደ። ግላስጎው ኬሚስትሪ ተማረ፣ በየማውጫ ቤቱ እየሠራ ያየውን በደብተር ጻፈ። በ1920 ወደ አገሩ ተመለሰ። ኪዮቶ አቅራቢያ በ1923 ግንባታው የተጀመረው የያማዛኪ ማውጫ ሥራ የተቃናው በእሱ እውቀት ነው። በ1934 ደግሞ የራሱን በዮይቺ መሠረተ። ዛሬ የጃፓን ዊስኪ ከስኮትላንዱ እኩል ይሰለፋል። ያ ሁሉ የተነሳው አንድ ተማሪ ከባለሙያ እጅ ያየውን ለክቶ ስለጻፈ ነው።

የእኛ ባለሙያዎች ደግሞ ውቅያኖስ አያሻግሩም፤ አውቶቡስ ይበቃል። መምህሮቻችን፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሃይድሮሜትርና ቴርሞሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ከእናቶች ጋር ተቀምጠው የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ይለኩ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ ወደ 90 ተጠግቶ ነውና የሌላ አገር ቁጥር መገልበጥ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ የመመረቂያ ሥራ ይሁን፤ ባሕር ዛፉ እያለቀ ነው፣ ጭሱም ሳንባቸውን ጨርሶታል። ሦስተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ የባለሙያዎቹን ስም ይያዝ፤ «አንዲት ሴት እንደነገረችን» ተብሎ አይለፍ።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎች መሣሪያውን እንግዛ። ሃይድሮሜትር ከአንድ ጠርሙስ ሰማያዊ ዊስኪ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገዝቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቤያለሁ። ቀጣዩን ማን ይጨምራል?