ስሙን ማወቅ ነውር አይደለም
(በቢቸና እና በሞጣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን የሴት ልጅ ውጫዊ የመራቢያ አካል ነው። ከአሁኑ መሳቅ የጀመራችሁ አላችሁ፤ ምንም አይደል፣ ሳቁና እንቀጥላለን። እኛ አካባቢ ይህ አካል «እዚያ ጋ»፣ «ታች» እየተባለ ነው የሚታለፈው። «ታች አመመኝ» ብቻ የምትል ልጅ ግን ጤና ጣቢያ ስትደርስ የቱ ጋ እንዳመማት መናገር ያቅታታል። ያልተነገረ ቁስል አይታከምም፤ ያልታከመ የብልት ቁስል ደግሞ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል።

እንግዲህ ከላይ ወደ ታች እንሂድ። መጀመሪያ ፀጉር የሚበቅልበት ለስላሳ ጉብታ አለ። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ከንፈሮች ውስጡን ሸፍነው ይጠብቃሉ። በእነሱ መካከል ሁለት ስስ ትንንሽ ከንፈሮች አሉ። አንዱ ከሌላው ቢረዝም ወይም ቢጠቁር የተፈጥሮ ልዩነት እንጂ በሽታ አይደለም። ትንንሾቹ ከንፈሮች ከላይ የሚገናኙበት ላይ ቂንጥር ይገኛል። ከሱ ዝቅ ብሎ የሽንት ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የወር አበባ የሚፈስበትና ሕፃን የሚወለድበት የብልት ቀዳዳ አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ፊንጢጣ ከኋላ ለብቻው ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ተጠራረጉ የሚባለውም ጀርም ወደ ፊት እንዳይመጣ ነው።

አሁን ወደ ድንግልና እንምጣ። በብልት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል። ቀዳዳውን ድፍን አድርጎ ቢዘጋማ ኖሮ የወር አበባው በየት ይወጣ ነበር? በመጀመሪያው ግንኙነት የምትደማ አለች፤ የማትደማም ብዙ ናት። ደም ስላልታየ ብቻ «ብር አምባር የላትም» ተብላ የተዋረደች ሙሽራ በደል ነው የደረሰባት። ሐኪምም ቢሆን አይቶ ድንግልናን ማረጋገጥ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ እንዲቀር የጠየቀውም ለዚህ ነው።

ስለ ቂንጥርስ? በጽንስ የመጀመሪያ ሳምንታት የወንድና የሴት ውጫዊ ብልት አንድ ዓይነት ነው፤ ኋላ አንዱ የወንድ ብልት ጫፍ፣ ሌላው ቂንጥር ይሆናል። በነርቭ የተሞላ ነው፤ ከውጭ የሚታየውም ጥቂቱ ብቻ ነው። «ያልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች» ሲባል ሰምታችኋል። ዕቃ የሚሰብረው እጅ ነው፤ ቂንጥር ከእጅ ጋር ምን አገናኘው? ግርዛት ጤነኛ አካል መቁረጥ ነው። ደም ያፈስሳል፣ ጠባሳው በወሊድ ጊዜ ያስቸግራል፣ ምላጩም ለብዙዎች ከዋለ በሽታ ያስተላልፋል።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ግን ቁጥሩ 47 በመቶ ነው። እየቀነሰ ነው ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ያስቀጣል። በክልላችን በብዛት የሚገረዙት ጨቅላዎች ስለሆኑ «እምቢ» የሚልላቸው ሌላ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እናንተ ወንዶች፣ ነገ አባት ስትሆኑ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

እኅቶቼ፣ ውጪውን በንጹሕ ውኃ ታጠቡ፤ ወደ ውስጥ ሳሙና አታስገቡ። ነጣ ያለ ፈሳሽ ጤነኛ ነው። ማሳከክ፣ መጥፎ ሽታ፣ ቁስል ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስሙንም ሳታፍሩ ተናገሩ።