የመንገድ መዋጮ በኮልፌ



የኮልፌ የውስጥ መንገድ በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ ሠፈሮች ኮብልስቶን በሚባለው ጥርብ ድንጋይ ተነጥፈዋል። ድንጋዩን በመዶሻ የሚጠርቡት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከወጪውም በብዙ ሠፈር ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶአል።

እኛም ባለፈው ዕረፍት ከሠፈር ኮሚቴ ጋራ ካርኒ ይዘን ከቤት ወደ ቤት ዞርን። ለየቤቱ የተቈረጠው ገንዘብ እኩል ነበር። ባለፎቁ ወዲያው ከፈሉ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እናት ግን ሦስት ጊዜ አመላልሰውን፥ ሳንቲም ሳይቀር ቈጥረው ሰጡን። ካርኒውን ስንጽፍላቸው አፈርን።

ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን መንገድ ሲሠራ የቤቱ ዋጋ የሚያድገው ለባለቤቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውም የንብረት ታክስ አዋጅ የሚነሣው ከንብረት ዋጋ ነው። እንግዲህ የሠፈር መዋጮም በይዞታ ስፋትና በቤት ግምት ይመደብ እንላለን። የተሰበሰበውና የወጣውም ሂሳብ ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ሂሳቡን ያየ ሰው ለመክፈል አያመነታም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ሎሚው ሲከፋፈል ግን የተሸካሚውም ጉልበት ይታይ። ነገ ካርኒውን የምንይዘው እኛ ነንና፥ ይህን ከዛሬ እንማረው።