መብራት ሲመለስ
(በቤት ኮምፒዩተሮች ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ብናገር ለጉባኤው ይበልጥ የሚመጥን ንግግር በሆነ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ከጠረጴዛ ሥር የምትቀመጠውን የቤት ኮምፒዩተር ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሚኖሩ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ዘንድ በሄድሁ ቁጥር «መሐንዲስ መጣ» ተብሎ የተቃጠለ ዕቃ ይቀርብልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የደረሰው መብራት በጠፋበት ሰዓት አይደለም፤ በተመለሰበት ሰዓት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አንድ ምሽት አዘዞ ከሚኖሩት አክስቴ ቤት ነበርሁ። ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ሲወርድ ውሎ፣ መብራትም ጠፍቶ ቆይቶ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ተመለሰ። የጓዳው ባለ ክር አምፖል ከወትሮው ይልቅ ነጭ ሆኖ በራ። አክስቴም «እሰይ! ዛሬስ እንደ ቀን ደመቀልን» አሉ። ወዲያው ከአጥር ማዶ የጎረቤታቸው ድምፅ ተሰማ፦ «የኛስ ከኩራዝ አይሻልም፤ ምጣዱም አልግል አለኝ።»

እነዚህን ሁለት ንግግሮች ባንድ ጊዜ የሰማ መሐንዲስ ሮጦ ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ነበረበት። እኔ ግን ሮጬ መለኪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ አስቀድሞ መለካት የሙያችን ክፉ ልማድ ነውና። ሶኬቱ ላይ 292 ቮልት አነበብሁ። ቁጥሩን ገና አይቼ ሳልጨርስ ከአክስቴ ልጅ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ጅራፍ የሚጮኽ ድምፅ ወጣ፤ ቤቱንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። በዚያች ኮምፒዩተር ውስጥ ልጅቱ ሁለት ዓመት የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበራትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከትራንስፎርመሩ ወደ መንደር የሚዘረጋው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል እንዳለው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ይገኛል። ኒውትራሉ በነፋስ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በመገጣጠሚያው መላላትና መዛግ ምክንያት ሲበጠስ፣ በልዩ ልዩ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ 380ውንም ቮልት ይከፋፈሉታል። ክፍፍሉም ፍርደ ገምድል ነው፤ ብዙ ኃይል የሚስበው ቤት ጥቂት ቮልት፣ ጥቂት የሚስበው ቤት ብዙ ቮልት ይደርሰዋል። ስለዚህ 4 ኪሎዋት የሚያህል የእንጀራ ምጣድ የለኮሰችው ጎረቤት ምጣዷ አልግል ሲላት፣ አንድ አምፖልና አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያበራው ቤት ይቃጠላል።

በማግሥቱ የኮምፒዩተሩን ፓወር ሰፕላይ ከፈትሁት። እንደሚታወቀው ይህ ክፍል የሚመጣለትን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ በካፓሲተር ያጠራቅማል። 220 ቮልት በዚህ መንገድ ሲለወጥ እስከ 311 ይደርሳል፤ 292 ቮልት ግን እስከ 413። አናቱ አብጦና ተቀዶ ያገኘሁት ካፓሲተር በጎኑ ላይ 400 ቮልት የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከዚህ የተሻለ ምስክር ምን ይመጣል?

አክስቴ «ብሬከሩስ ለምን ዝም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄአቸው ትክክለኛ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይጠይቁታል። ብሬከር የተሠራው ኮረንቲ ሲበዛ እንዲቆርጥ ነው፤ ቮልት ሲጨምር ግን ቆሞ ያያል። በየሱቁ «መከላከያ ያለው» እየተባለ የሚሸጠው ዲቫይደርም እንዲሁ ነው። በውስጡ ቢበዛ ቫሪስተር የምትባል እንደ ሳንቲም የጠፈጠፈች ዕቃ ትገኛለች። እርሷ የምትችለው ከመብረቅ ወይም ከመስመር መቆራረጥ የተነሣ ለማይክሮ ሰከንዶች ብቻ የሚዘልቀውን ድንገተኛ ግፊት ነው፤ ደቂቃዎች ለሚቆይ 292 ቮልት ከተጋለጠች እርሷ ራሷ ትነዳለች። የዲቫይደሩ ቀይ መብራት መብራቱም ኮረንቲ መኖሩን እንጂ መከላከያው በሕይወት መኖሩን አይመሰክርም።

በእኔ አስተያየት አንድ ቤተሰብ ገንዘቡን አስቀድሞ ሊያወጣበት የሚገባው ከቆጣሪው ቀጥሎ ለሚገጠም የቮልት መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ቮልቱ ከተወሰነለት ወሰን፣ ለምሳሌ ከ250 ወይም ከ260፣ ሲያልፍ የቤቱን መስመር ይቆርጣል፤ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይመልሳል። ይህ ጥበቃ ሁለተኛ ጥቅም አለው። መብራት በተመለሰበት ቅጽበት የመንደሩ ማቀዝቀዣ፣ ወፍጮና ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚነሣ መስመሩ ጥቂት ይናወጣል፤ ኮምፒዩተር በዚያ መካከል ባይነሣ ይመረጣል። መሣሪያውን መግዛት ያልቻለ ሰው መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ቢታገሥ ያንኑ ሥራ በእጁ ይሠራል። ዩፒኤስ የሚገዛውም ቢሆን ባትሪው ሥራን መዝግቦ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የታሰበ መሆኑን ይወቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያገለግል ተደጋግሞ እስኪሟጠጥ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቤቶች ሦስተኛው የመሬት ሽቦ የለም፤ ስለዚህም የኮምፒዩተሩ ብረት እጅን ይነዝራል። ይህን ለማስቀረት አንዳንድ ባለሙያዎች በሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን መግቢያ ከኒውትራሉ ጋር ያስሩታል። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። የቤቱ ኒውትራል የተበጠሰ ዕለት ግን ያ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ይሞታል። ይህን አሠራር ያየ ባልደረባ ሳይፈታ ከዚያ ቤት አይውጣ። በጎንደር ዐለታማ መሬት የመሬት ዘንግ መቅበር አድካሚ መሆኑን፣ በበጋም አፈሩ ሲደርቅ ኮረንቲ የማሳለፍ ችሎታው እንደሚቀንስ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም ምትክ የለውም።

ደጋው የራሱ ጠባይ አለው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በጎንደር አንድ አምስተኛ፣ በደባርቅ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። ብርድ አገር ነው ብሎ የኮምፒዩተርን መተንፈሻ በጨርቅ መሸፈን ስለዚህ ስሕተት ነው። ሀርድ ዲስክም አንባቢው ራስ በቀጭን አየር ላይ ተንሳፎ የሚሠራ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዲስኮች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራባቸው ፋብሪካዎቹ ይወስናሉ። በሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃ በር ይህን ወሰን አልፏል። እዚያ የሚሠራ ሰው የሚዞር አካል የሌለውን ዲስክ ይምረጥ። በክረምት ደግሞ መብረቅ የሚገባው በመብራት ሽቦ ብቻ አለመሆኑን አይርሳ፤ ከጣራ የሚወርደው የዲሽ ገመድና የስልክ መስመርም በር ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። እኛም በዚህ መኩራታችን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ ኃይል የአክስቴ ድርሻ የሚደርሳቸው በምሰሶ ላይ በተጠመጠመች አንዲት መገጣጠሚያ በኩል ነው። ስለ እርሷ የሚጻፍ ጽሑፍ በመጽሔታችን ገጾች እምብዛም አላየሁም።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ዲስኩን ሁለት ጠጋኞች አይተው «ሞቷል» ብለዋት ነበር። እኔ ሳየው በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ላይ፣ በ12 ቮልቱ መግቢያ አጠገብ፣ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ዳዮድ አገኘሁ፤ ስለካትም ሁለቱ ጫፎቿ ተጣብቀዋል። ይህች ዳዮድ ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ያፈሰሰውን ትርፍ ቮልት ወደ ራሷ ስባ ሌላውን ያተረፈች ናት፤ ሥራዋም ይኸው ነው። እርሷ ተጣብቃ እስካለች ድረስ ግን ዲስኩ አይነሣም። በመበየጃ አነሣኋትና ዲስኩን ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር፣ ኮምፒዩተሩንም ከዩፒኤስ ጋር አያያዝሁት። ዞረ።

ቅጂው በግማሽ ሳለ መብራት ጠፋ። ልጅቱ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ዩፒኤሱ ግን የቀረውን አሥር ደቂቃ ያህል ተሸከመ። ዳዮዱን ያጣ ዲስክ መከላከያ የለውምና ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ አላዋልነውም። ጽሑፉን በሦስት ፍላሽ ገለበጥን፤ አንዱን ልጅቱ ያዘች፣ አንዱን ለጓደኛዋ ሰጠች፣ አንዱን ደግሞ አክስቴ በጨርቅ ጠቅልለው ከሙዳያቸው ውስጥ ከደኑበት።