የግራኝ ድንጋይና የራምቦ ቤት፦ ስለ ትንንሽ ሙዚየሞችና ስለ መንገድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ዲስኩር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ዲስኩር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አስቁሞ «ይህ ጥናት ነው ወይስ ሽርሽር?» ሲል ጠየቀኝ። ሽርሽር ነው ብዬ መለስሁለት። ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ ግን ይህን ንግግር እንደ ገና እንድጽፈው አስገድዶኛል። ሽርሽር መሆኑን አልክድም፤ የምሞግተው ሽርሽሩ ያስተማረኝን በቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር በማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት፣ በዓልና ቅዳሜ ሲገጥሙ፣ ከተማሪዎቼ ጋር የነዳጅ ገንዘብ አዋጥተን፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ተከራይተን፣ በየትናንሽ ከተሞች ያሉ ሙዚየሞችንና ታሪካዊ ቦታዎችን እንጎበኛለን። የጥናት በጀት የለንም፤ ስለዚህም የጥናት ሪፖርት የሚጠይቀን የለም። ያሉን ሕጎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ ከጉዞው በፊት ማንም ስለ ቦታው አያነብም። ሁለተኛ፣ አስጎብኚው የተናገረው ቃል በቃል ይመዘገባል፤ ስሕተት ቢመስልም አይታረምም። ሦስተኛ፣ ክርክር የሚፈቀደው በመልስ ጉዞ ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሕግ የወጣው ለሹፌራችን ጤና ሲባል ነው፤ ሲሄድ ትኩስ፣ ሲመለስ ደግሞ ሰሚ ያጣ ነውና። (ሳቅ)

ትናንሽ ሙዚየሞችን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ፈተና በሩ መሆኑን ያውቃል። ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ ደርሰን ሙዚየሙን ተቆልፎ አገኘነው። ዘበኛው «ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል» አለን። «መቼ ይመለሳል?» ብንለው፣ «ለቅሶው ሲያልቅ» አለ። ከተማሪዎቹ አንዷ ያቀረበችው ሐሳብ ነው መንገዱን የከፈተው፦ ለቅሶው ቤት ሄድን። ድንኳን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ንፍሮ ቀረበልን፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ተሰናበትን። ባለ ቁልፉ ሰው ከኛ ጋር ሲመለስ ሟቹ ማን እንደ ነበሩ በመንገድ ላይ ነገረን። በሙዚየሙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አንድ ሁለቱን የሰጡት እርሳቸው ኖረዋል። በመስታወቱ ሥር ያለው ካርድ «የቀድሞ ዘመን የቤት ዕቃ» ከማለት በቀር ስለ ሰጪው አንድ ቃል አልነበረበትም። ካርዱን የጻፈው ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ዕለት የዕቃውን ታሪክ የያዘው ካርዱ ሳይሆን ድንኳኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየደረስሁበት የምፈትሸው አንድ ነገር አለ፦ በዕቃውና በሚነገርለት ስም መካከል ያለውን ርቀት። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ርቀት ነው። ሦስት ቦታዎችን እጠቅሳለሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ደከር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1963 ነበር፤ ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነው። ሙዚየሙ እንደ ጎጆ ክብ ሆነው በተሠሩ ጥቂት ቤቶች ውስጥ ነው ያለው። ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ ከ700,000 ዓመት በፊት የተረገጠ ጭቃ የአዋቂዎችንና የሕፃናትን የእግር አሻራ ጠብቆ ተገኝቷል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «ያኔም ልጅ ይዞ መጓዝ ነበር ማለት ነው» ተባባሉ። ከዚያው አጠገብ ባልጪት የምትባል ሥፍራ አለች፤ መሬቷ በጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ የተሞላ ነው። ባልጩት! ቃሉን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። በዚያ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ መሣሪያ ሲጠረብበት የኖረ፣ እስከ ቅርብ ዘመንም ድረስ ቆዳ ፋቂዎች የተገለገሉበት ድንጋይ፣ ስሙን ለቦታው ሰጥቷል። ዩኔስኮ ሁለቱን ሥፍራዎች በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ባልጪት የሚለው ስም አብሮ ገባ። እዚህ ላይ ስሙና ዕቃው አንድ ናቸው፤ ርቀቱ ዜሮ ነው። ለዚህም ነው የመልስ ጉዞ ክርክር ያልተነሣበት።

ጢያ ግን ሌላ ናት። በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ፣ በሶዶ ምድር፣ ከከተማዋ ዳር በሣር ሜዳ ላይ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ታገኛላችሁ። ቁጥራቸው 36 ነው፤ ከነዚህም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ አካባቢ ከሚታወቁት 160 ያህል ጥንታዊ ሥፍራዎች መካከል ከዋናዎቹ የምትቆጠረው ይህች ቦታ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ድንጋዮቹ ላይ ጫፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም የሆኑ ጎራዴዎች፣ ክቦች፣ እንዲሁም ቅጠል የሚመስል፣ ግን ቅጠል መሆኑን ማንም በእርግጠኝነት የማይናገርለት ምልክት አለ። አስጎብኚያችን ትሑት ወጣት ነበር። ጎራዴዎቹን እየቆጠረ «ይህ ጀግና የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው» አለን። ቅጠሉን «እንሰት ነው» አለን። ከዚያም ድምፁን ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ «የአካባቢው ሰው ግን የግራኝ ድንጋይ ነው የሚለው» ሲል ጨመረ። በሕጋችን መሠረት ሦስቱንም ጻፍን።

በመልስ ጉዞ ላይ ሚኒባሱ ገበያ ሆነ። አንዱ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ፣ በቁፋሮው የተገኙት ዐፅሞች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተቀበሩ ሰዎች መሆናቸውን አነበበ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹ ሲተከሉ ኢማሙ ገና አልተወለዱም ነበር። «አለቀ፤ ተረት ነው፤ ይሰረዝ» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «የማን ተረት ነው የሚሰረዘው? የአያቴ ነው» አለችው። ቤተሰቦቿ ከሶዶ የመጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ በልጅነቷ፣ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ ድንጋይ፣ ማን እንዳፈረሰው የማይታወቅ ፍርስራሽ፣ ሁሉ ለአንድ ሰው ይሰጥ ነበር። አያቷ ግራኝ ሲሉ አንድን የጦር መሪ ማለታቸው አልነበረም፤ «ከኛ በፊት፣ ከምናውቀው ሁሉ በፊት» ማለታቸው ነበር።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አሰላስለዋለሁ። በደጋው አገር ብዙ ቦታ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንና የተሰነጠቀ ዐለት በግራኝ ስም ይጠራል። ይህ ስም የዘመን መለኪያ ሆኖ ሲያገለግል ቀንና ዓመተ ምሕረት አይሰጠንም፤ የሚሰጠን የአንድ ሕዝብ ትዝታ የት ላይ እንደ ተሰበረ ነው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነትና ከተከተለው የሕዝብ ፍልሰት በኋላ፣ በሶዶ የኖሩት ሰዎች ድንጋዮቹን ማን እንዳቆማቸው የሚነግራቸው አላገኙም ይሆናል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑን አስምሬ እናገራለሁ። ሆኖም የካርቦን ልኬቱ የድንጋዮቹን ዕድሜ ሲነግረን፣ የተሳሳተው ስም ደግሞ የመርሳትን ዕድሜ የሚነግረን ይመስለኛል።

የዚህ ክርክር ቀጣይ ምዕራፍ ሐረር ነው፤ እናም አንድ የፋሲካ ዕረፍት ወደዚያ ነዳን። መንገዱ ረጅም ነው፤ በአዋሽ ሙቀት ጎማ ፈነዳብን፤ በጨርጨር ተራራ ጭጋግ ውስጥ የተማሪዎቹ ዘፈን አለቀባቸውና ማስታወቂያ መዝፈን ጀመሩ። ጀጎል ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ራምቦ ቤት የቱ ጋ ነው?» የሚል ሆነ። አንድ የምሕንድስና ተማሪ አብሮን ነበር፤ የፊልሙን ወታደር ቤት እናያለን ብሎ ካሜራውን አዘጋጅቷል። ገጣሚውን አርተር ራምቦን አስተዋወቅነው፦ በሃያ አንድ ዓመቱ ገደማ ግጥም መጻፍ ያቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የአንድ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር የገባ፣ ቡናና ቆዳ የነገደ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የሸጠ፣ በመጨረሻም እግሩ ታሞ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ የሞተ። የምሕንድስናው ተማሪ ትንሽ አሰበና «ከፊልሙ ይበልጣል» አለ።

ቤቱ ያማረ ነው። ባለ ፎቅ፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት፣ ጣሪያው በሥዕል የተዋበ፤ ከላይ ሆነው ሲያዩ የጀጎል ጣሪያዎች ከእግር ሥር ይዘረጋሉ። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። አሁን የምናየው ሕንፃም ራምቦ ሐረርን ለቅቆ ከሞተ በኋላ የተሠራ እንደ ሆነ ይታመናል። እንግዲህ ገጣሚው ባልኖረበት ቤት ውስጥ ቆመን፣ ገጣሚው ራሱ በ1883 ሐረር ውስጥ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ቅጂ እናያለን። አድራሻው ስሕተት ነው፤ ፎቶግራፉ ግን እውነት ነው። እኔ በዚህ አልከፋም። የከተማው ጥንታዊ ፎቶግራፎች መሰብሰቢያ ጣሪያ ያገኙት በዚህ ስሕተት አማካይነት ነው፤ «የሕንዳዊው ነጋዴ ቤት» ቢባል ኖሮ ቤቱን ለማደስ ማን ገንዘብ ያወጣ ነበር? የሚያሳዝነኝ የነጋዴው ነገር ነው። ቤቱን እርሱ ሠራ፤ ስሙን ሌላ ሰው ወሰደበት።

ከዚያ ወጥተን የግል ስብስብ ወደ ሆነው ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ሄድን። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጎራዴዎችን፣ የሐረሪ አልባሳትን ለዘመናት ሰብስበው ለሕዝብ የከፈቱት ነው። ስለ ስብስቡ ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል፤ ዛሬ የምነግራችሁ ወጥተን ደጁ ላይ ስለ ገጠመን ነገር ብቻ ነው። ያቺ የሶዶ ልጅ ለጓደኞቿ ስለ ጎራዴዎቹ ስታወራ «የግራኝ ድንጋይ ላይ ያሉት ዓይነት» አለች። አጠገባችን ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቀና አሉ። ሁላችንም ደነገጥን። ግራኝ የሚለው ቃል በዚያች ከተማ ጆሮ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የተሰማን።

አዛውንቱ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ እኛ እዚህ ኢማም አሕመድ ነው የምንለው» አሏት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለች ፊቷ ቀልቶ።

«ይቅርታ አያስፈልግም። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? እስቲ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ስለ ሜዳው፣ ስለ ጎራዴዎቹ፣ ስለ አያቷ ነገረቻቸው። ሲጨርሱ አዛውንቱ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ከጦርነቱ መሐል ያን ሁሉ ድንጋይ ሊተክል ጊዜውን ከየት አመጣው?» አሉ። ቀጥሎ ያሉት ግን ሳቅ አልነበረበትም፦ «እንዲያ ካላችሁት እናንተ ጋ ትልቅ ሰው ነው ማለት ነው። ድንጋዩን የተከሉትንስ ማን ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ?»

ማንም መልስ አልነበረውም። እነዚያ ጢያ ላይ የተቀበሩ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ምሁሩም ባለ ተረቱም አላገኘላቸውም። እንደ ሕንዳዊው ነጋዴ ስማቸው ተወስዶባቸዋል፤ የእነርሱ ግን ጭራሹን ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም።

በዚያ ምሽት ሐረር ሆነን ለሁሉም አንድ ሥራ ሰጠሁ፦ ለጢያ ድንጋይ ከ60 ቃል የማይበልጥ ካርድ ጻፉ አልኋቸው። አሥራ አንድ ካርድ ተጻፈ። ሰባቱ የካርቦን ልኬቱን ብቻ ይዘው የሕዝቡን ስም ትተዋል። ሦስቱ ሁለቱንም ይዘዋል። የሶዶዋ ልጅ ካርድ የግራኝን ስም ጽፎ፣ ኢማም አሕመድ የሚለውንም አክሎ፣ ድንጋዮቹ ከእርሳቸው መወለድ በፊት የቆሙ መሆናቸውን ይናገርና፣ የተከሏቸው ሰዎች ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ይተዋል። እኔ ብሆን የምመርጠው የእርሷን ነው። «ይሰረዝ» ያለው ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ በሙዚየም ካርድ ላይ ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ሦስት ቃል እንኳ ሊያገኝ አይገባም ይላል፤ ይህን አቋሙን ዛሬም ከፊት ረድፍ ተቀምጦ በራስ ንቅናቄ እየገለጸልኝ ነው። (ሳቅ) በጥያቄው ጊዜ የመጀመሪያውን ዕድል ለእርሱ እሰጣለሁ።